የማያሚ ቢች አሸዋ፦ እንዴት ጠፋ፣ እንዴት ተመለሰ፣ የማንስ ነው?

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት የምትገኘው ማያሚ ቢች በባሕር ዳርቻቸው ከታወቁት የዓለም ከተሞች አንዷ ናት። ሰፊውንና ነጣ ያለውን አሸዋ፣ ከኋላው የተሰለፉትን ሆቴሎችና ዘንባባዎች በፊልም ወይም በፖስት ካርድ ያላየ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። በ1970 ገደማ ወደዚያ የተጓዘ እንግዳ ያገኘው ግን ይህን አልነበረም። በብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች ፊት አሸዋው ተጠራርጎ አልቆ ስለነበር፣ ባሕሩ በሞላ ቁጥር ማዕበሉ በቀጥታ የሚያርፈው የመዋኛ ገንዳዎቹን በሚያጥረው የኮንክሪት ግንብ ላይ ነበር፤ በውኃው ዳር በእግሩ ለመንሸራሸር የፈለገ ሰውም ብዙ ሳይርቅ ግንብ ወይም የድንጋይ ክምር እየገታው ይመለስ ነበር። ዛሬ ጎብኚው ፎጣውን የሚያነጥፍበት አሸዋ አብዛኛው ከባሕር ወለል በማሽን ተመጥጦ የተደፋ፣ ከፊሉም ከመሃል አገር በገልባጭ መኪና ተጭኖ የመጣ ነው።

ጉዳዩ ምሕንድስናን፣ ሕግንና የዘር መድልዎን ስላቀላቀለ በአንድ ወገን ብቻ ሲያዩት ግልጽ አይሆንም። ከሁሉም ወገን ሲታይ ግን ሁለት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ ዳርቻውን በዋናነት ያጠፉት ሰዎች የቆረጧቸው የመርከብ ቦዮችና ንብረታቸውን ለመጠበቅ ያቆሟቸው ግንቦች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው፣ ዳርቻው ዛሬ ለሁሉም ክፍት የሆነበት ትልቁ ምክንያት አሸዋው በሕዝብ ገንዘብ መሞላቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት

ማያሚ ቢች የተመሠረተችው ከዋናው ምድር ፊት ለፊት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተጋደመ ቀጭን የአሸዋ መሬት ላይ ነው። በስተምሥራቅ አትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በስተምዕራብ ደግሞ ቢስኬን የሚባለው ጥልቀት የሌለው የባሕር ወሽመጥ ያዋስኗታል። በውቅያኖሱ በኩል አሸዋና በሣር የተያዘ የአሸዋ ጉብታ ነበረ፤ በወሽመጡ በኩል ደግሞ ሥሩ በጨው ውኃ ውስጥ የሚቆም የማንግሮቭ ጫካ መሬቱን ሸፍኖት ነበር። አካባቢው ቀደም ሲል ተኬስታ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ይኖሩበትና ዓሣ ያጠምዱበት ነበር። በ1876 የአሜሪካ መንግሥት መርከባቸው የተሰበረባቸው ሰዎች የሚጠለሉበት አንድ ቤት በዳርቻው ላይ ሠራ፤ ይህ ቤት መሠራቱ ራሱ በዚያ ሰዓት ቦታው ምን ያህል ሰው የራቀው እንደነበር ይናገራል። በ1880ዎቹ ባለሀብቶች የኮኮናት ተክል ሞክረው ከሰሩ።

ነገሩን የለወጠው ጆን ኮሊንስ የተባለ የኒው ጀርሲ ገበሬ ነው። ኮሊንስ አቮካዶ ለማልማት መጥቶ፣ ከእርሻው ይልቅ መሬቱ እንደሚያዋጣ ተረዳና ከማያሚ ከተማ ወደዚህ የአሸዋ መሬት የሚያሻግር የእንጨት ድልድይ ማሠራት ጀመረ። ድልድዩ ሳያልቅ ገንዘቡ አለቀበት። በዚህ ጊዜ በመኪና የፊት መብራት ንግድ የበለጸገውና የኢንዲያናፖሊስን የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ካርል ፊሸር 50 ሺህ ዶላር አበደረው፤ በምላሹም 200 ኤከር፣ ማለትም 80 ሄክታር ገደማ መሬት ተቀበለ። 4 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ድልድይ በ1913 ተከፈተ፤ ከተማዋም በመጋቢት 1915 በሕግ ተቋቋመች።

ፊሸር ማንግሮቩን አስመነጠረ። መጥረቢያና ቆንጨራ ይዘው በጭቃና በትንኝ መካከል ጫካውን የቆረጡት በአብዛኛው ጥቁር ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከባሃማስ ደሴቶች የመጡ ነበሩ። ከዚያም ከወሽመጡ ወለል ጭቃና አሸዋ በቧንቧ እየተመጠጠ በጉቶዎቹ ላይ ተደፋ፤ ረግረጉም የቤት መሥሪያ መሬት ሆነ። ማስታወቂያ የሚያውቀው ፊሸር ዝሆን ሳይቀር አስመጥቶ ጋዜጠኞች ፎቶ እንዲያነሡት አድርጓል። የከተማዋ መሬት ገና ሲጀመር በሰው እጅ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል፤ በዚያን ጊዜ በተፈጥሮው ቀርቶ የነበረው የውቅያኖሱ ዳርቻ ብቻ ነው።

አሸዋ ተጓዥ ነው

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለመረዳት ዳርቻ እንዴት እንደሚኖር ማወቅ ያስፈልጋል። ከውጭ ለሚያየው ሰው አሸዋው አንድ ቦታ ላይ የተኛ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሁልጊዜ በጉዞ ላይ ነው። ማዕበሉ ወደ ዳርቻው የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በሰያፍ ነው። ሲመጣ አሸዋውን በሰያፍ ይገፋዋል፤ ሲመለስ ቁልቁል ይጎትተዋል። በእያንዳንዱ ማዕበል ጥቂት ጥቂት እየተገፋ አሸዋው በዳርቻው ርዝመት ይጓዛል ማለት ነው። በፍሎሪዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በተለይ በቅዝቃዜው ወራት ከሰሜን ምሥራቅ በሚነሳው ብርቱ ነፋስ የተነሳ፣ የዚህ ጉዞ ሚዛን ወደ ደቡብ ያደላል።

ቁሱ ራሱ ይህንን ይመሰክራል። ከማያሚ ቢች አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግኖ በማጉያ መነጽር የተመለከተ ሰው ሁለት ዓይነት ቅንጣት ያያል። አንደኛው መስታወት የሚመስል ኳርትዝ ነው። ደቡብ ፍሎሪዳ የኳርትዝ ተራራ የላትም፤ ይህ ቅንጣት ከሰሜን፣ ከአፓላቺያን ተራሮች በወንዝ ታጥቦ ወደ ባሕር ከወረደ በኋላ በብዙ ሺህ ዓመታት ጉዞ የደረሰ ነው። ሁለተኛው የቀንድ አውጣና የሌሎች የባሕር ፍጥረታት ስባሪ ቅርፊት ሲሆን፣ ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር የኳርትዙ ድርሻ እያነሰ የቅርፊቱ እየበዛ ይሄዳል።

ስለዚህ አንድ ዳርቻ ስፋቱን ጠብቆ የሚቆየው ከሰሜን የሚገባለት አሸዋ ወደ ደቡብ ከሚወጣበት ጋር ሲመጣጠን ነው። ከላይ ያለው ገበሬ የመስኖውን ቦይ ሲዘጋ ከታች ያለው ማሳ እንደሚደርቅ ሁሉ፣ በሰሜን በኩል አሸዋውን የሚያግድ ነገር ከተሠራ በደቡብ ያለው ዳርቻ መክሳቱ አይቀርም።

ማያሚ ቢች ላይ የደረሰው ይኸው ነው። በ1905 የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ኮር መርከቦች ወደ ማያሚ ወደብ በቀጥታ እንዲገቡ የመሬቱን ደቡባዊ ጫፍ ቆርጦ ጋቨርመንት ከት የሚባለውን ቦይ ከፈተ፤ በቦዩ ማዶ ተቆርጦ የቀረው ቁራሽ ዛሬ ፊሸር ደሴት የሚባለው ነው። በ1925 ደግሞ በሰሜን በኩል ሆሎቨር በተባለው ቦታ ሌላ ቦይ ተቆረጠ። ቦይ በአሸዋ እንዳይደፈን በአፉ ግራና ቀኝ ወደ ባሕሩ የሚገባ የድንጋይ ግንብ ይሠራለታል። ግንቡ ከሰሜን የሚመጣውን አሸዋ በአንድ ጎኑ ያከማቻል፤ ግንቡን ያለፈውን ደግሞ በቦዩ የሚገባና የሚወጣው ውኃ ወደ ወሽመጡ ወይም ወደ ጥልቁ ባሕር ይገፋዋል። ከተማዋ ከላይ የሚመጣላት ሲሳይ የተቋረጠው በዚህ መንገድ ነው።

በመስከረም 1926 ከባድ አውሎ ነፋስ መጣ። ባሕሩ ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር አጥለቀለቃት፤ አሸዋው ወደ ጎዳናዎቹና ወደ ሆቴሎቹ ምድር ቤት ገብቶ ተቆለለ። የመሬት ንግዱ ግርግርም ከዚያ ወዲህ ተንኮታኮተ። ባለንብረቶቹ ከዚህ የወሰዱት ትምህርት ግንብ ማጠንከር ነበር፤ ይህም በግል ሲታይ ምክንያታዊ ነው። ግንብ ሕንፃውን ያድናል፤ አሸዋውን ግን አያድንም። ተዳፋት በሆነ የአሸዋ ዳርቻ ላይ ማዕበሉ ጉልበቱን እየጨረሰ ይሰበራል፤ ቀጥ ካለ ግንብ ጋር ሲላተም ግን ተመልሶ ይነጥርና ከግንቡ ሥር ያለውን አሸዋ ይቦረቡራል። በዚያ ላይ በማዕበል ጊዜ ለዳርቻው መጠባበቂያ የሚሆነው የአሸዋ ጉብታ ከግንቡ በስተኋላ፣ በሆቴሉ ወለል ሥር ተቀብሯል።

አሸዋው ሲቀንስባቸው ሆቴሎቹ ሌላ ዘዴ ሞከሩ፤ ከዳርቻው ወደ ባሕሩ የሚዘረጋ አጭር ግንብ፣ አሸዋ እንዲይዝላቸው። እርግጥ ይይዛል፤ የሚይዘው ግን በደቡብ በኩል ያለው ጎረቤት ይደርሰው የነበረውን ነው። ጎረቤቱም የራሱን ይሠራል፣ ቀጣዩም እንዲሁ። በ1954 የተከፈተው ታዋቂው ፎንተንብሎ ሆቴል የቆመው ይህ ሽሚያ በተፋፋመበት ዘመን ነው። የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ማያሚ ቢች ለእንግዶቿ የምትሸጠው የመዋኛ ገንዳን እንጂ ዳርቻን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወደ ውኃው ማን ይግባ?

ዳርቻው በአካል እየጠበበ ሳለ፣ በሕግና በልማድም ለብዙ ሰው የተዘጋ ነበር። ጥቁሮች ሆቴሎቹን ሠርተዋል፣ አልጋውን አንጥፈዋል፣ ምግቡን አብስለዋል፤ በውቅያኖሱ ግን መታጠብ አይችሉም ነበር። ከ1936 ጀምሮ በሆቴሎችና በቤቶች የሚሠሩ ሠራተኞች በፖሊስ ተመዝግበው፣ የጣት አሻራ ሰጥተው መታወቂያ እንዲይዙ ይገደዱ ነበር። በሆቴሎቹ መድረክ ላይ የሚዘፍኑ ስመ ጥር ጥቁር ሙዚቀኞች እንኳ ጭብጨባው ሲያበቃ የሚያድሩት ድልድዩን ተሻግረው ኦቨርታውን በተባለው የማያሚ የጥቁሮች ሰፈር ነበር። አይሁዳውያንም በፊሸር ሆቴሎች አይስተናገዱም ነበር፤ መሬት መግዛትና መኖር የቻሉት መጀመሪያ በደቡባዊው ጫፍ፣ ከአምስተኛው መንገድ በታች ነው። አይሁዳውያንን የሚከለክሉ የሆቴል ምልክቶችን ከተማዋ ያገደችው በ1949 ነው።

የፊሸር ደሴት ታሪክ በዚህ ረገድ ምፀት አለው። በማያሚ የመጀመሪያው ጥቁር ሚሊየነር የሚባለው ዳና ዶርሲ በ1918 ይህችን ደሴት ገዝቶ፣ ጥቁሮች የሚዝናኑባት የባሕር ዳርቻ ሊያደርጋት አስቦ ነበር። ሐሳቡ ሳይሳካ በዓመቱ ለፊሸር ሸጣት። ዛሬ ደሴቲቱ በአሜሪካ እጅግ ሀብታም የሆኑ ሰዎች ከሚኖሩባቸው ስፍራዎች አንዷ ስትሆን፣ በመኪና መንገድ ስለማትገናኝም የሚደርሱባት በጀልባ ወይም በሄሊኮፕተር ነው።

ለውጡ የተጀመረው በሆሎቨር ነው። ግንቦት 9 ቀን 1945፣ ጥቂት ጥቁር ወንዶችና ሴቶች ለነጮች ብቻ ወደተፈቀደው ወደ ሆሎቨር ዳርቻ ሄደው ወደ ውኃው ገቡ። ላውሰን ቶማስ የተባለው ጥቁር ጠበቃ ቢታሰሩ የሚከፍለውን የዋስትና ገንዘብ ይዞ ዳር ላይ ቆመ። የዕለቱ ስሌት ቀላል ነበር፦ ከታሰሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይደርሳል፣ መድልዎውም በአደባባይ ይሞገታል፤ ካልታሰሩ ደግሞ ክልከላው ፈረሰ ማለት ነው። ባለሥልጣናቱ ይህ ስለገባቸው አላሰሯቸውም። ይልቁንም በዚያው ዓመት በነሐሴ 1 ቀን ከማያሚ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለችው ቨርጂኒያ ኪይ ደሴት ላይ ለጥቁሮች ብቻ የሚሆን ዳርቻ ከፈቱ። ድልድይ እስኪሠራ፣ እስከ 1947 ድረስ፣ ሰዎች የሚደርሱበት በጀልባ ነበር። ይህ መፍትሔ መለያየቱን የሚያጸና እንጂ የሚያስቀር አልነበረም፤ ያም ሆኖ ቨርጂኒያ ኪይ የቤተ ክርስቲያን ጥምቀትና የሠርግ ሽርሽር የሚካሄድባት፣ ብዙ የማያሚ ጥቁር ቤተሰቦች በፍቅር የሚያነሷት ስፍራ ሆነች። በ1982 ተዘግታ በ2008 እንደ ታሪካዊ ፓርክ እንደገና ተከፍታለች።

አሸዋው ተመለሰ፣ ከነቅድመ ሁኔታው

የአሜሪካ ምክር ቤት የአካባቢውን ዳርቻ መልሶ የመገንባቱን ፕሮጀክት በ1968 ፈቀደ። ሥራው ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ እስኪጀመር ዓመታት ወሰደ፤ ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ራሳቸው ሆቴሎቹ ነበሩ። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚሰጠው ሕዝቡ በነፃ ለሚገባበትና ለሚጠቀምበት ዳርቻ ስለሆነ፣ አሸዋ የሚቀበል ሆቴል ከበሩ ፊት ለፊት ማንም ሰው መጥቶ እንዲቀመጥ መቀበል ነበረበት። ብዙዎቹ ባለቤቶች እንግዳ ሰው በግቢያቸው ጫፍ ከሚያርፍ ዳርቻው ቢቀር ይሻለናል የሚል አቋም ነበራቸው። ያጠፉት የእነሱ ግንቦች፣ ለመመለስ የሚከፍለው ደግሞ ግብር ከፋዩ ከሆነ፣ ቅድመ ሁኔታው ፍትሐዊ እንደነበር ለእኔ ግልጽ ነው። በኋላ እንግዶች ወደ ሌሎች የመዝናኛ ከተሞች መኮብለል ሲጀምሩ ተቃውሞው ረገበ።

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ በዘለቀው ሥራ ከሆሎቨር እስከ ጋቨርመንት ከት ባለው 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ዳርቻ ላይ 10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚጠጋ አሸዋ ፈሰሰ፤ ወጪውም ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ መርከብ ከዳርቻው ራቅ ብላ ከባሕሩ ወለል አሸዋና ውኃ አንድ ላይ ትመጥጣለች፤ ቅልቅሉ በትልቅ ቧንቧ ወደ ዳርቻው ይገፋል፤ ውኃው ወደ ባሕሩ ሲመለስ የቀረውን አሸዋ ቡልዶዘሮች ይደለድሉታል። ከኋላውም የአሸዋ ጉብታ ተሠርቶ አሸዋ የሚይዝ ሣር ተተከለበት።

የባለቤትነቱ ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በፍሎሪዳ ሕግ ባሕሩ በአማካይ ሲሞላ ከሚደርስበት መስመር ወደ ባሕሩ ያለው ሁሉ የሕዝብ ነው፤ ከመስመሩ ወደ መሬት ያለው የግል ሊሆን ይችላል። ችግሩ ይህ መስመር ከአሸዋው ጋር ወደፊትና ወደኋላ የሚንቀሳቀስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ዳርቻ በመንግሥት ሲሞላ ከሥራው በፊት ቋሚ ወሰን ይከለላል፤ ከዚያ ወሰን በስተባሕር የሚደፋው አዲስ አሸዋ በሙሉ የግዛቱ ይሆናል። በሰሜን ምዕራብ ፍሎሪዳ የሚኖሩ ባለንብረቶች ይህ አሠራር መሬታችን ከውኃው ጋር የመዋሰን መብቱን ያሳጣዋል ብለው ቢከሱም፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ክሱን ሳይቀበለው ቀርቷል። በማያሚ ቢች አንድ ሆቴል ወንበርና ጃንጥላ አከራይቶ ገንዘብ ቢቀበልም፣ ከወንበሩ አጠገብ ፎጣውን ያነጠፈውን ሰው ተነስ ማለት የማይችለው ለዚህ ነው።

የማያልቅ ሥራ

የተደፋው አሸዋም እንደ ድሮው ወደ ደቡብ መጓዙን አላቋረጠም። ቦዮቹ እዚያው ናቸው፤ ስለዚህ ዳርቻው በየጥቂት ዓመቱ ካልተሞላ ይከሳል። እንደ 46ኛው መንገድ ያሉ አንዳንድ ቦታዎች ደጋግመው ይሸረሸራሉ። በአንጻሩ የጋቨርመንት ከት ግንብ ተጓዡን አሸዋ ስለሚያግደው ደቡባዊው ጫፍ፣ ሉመስ ፓርክ አካባቢ፣ ከሚገባው በላይ ይሰፋል። በዚህ የተነሳ ከደቡብ አሸዋ ተጭኖ ወደ ሰሜን የተመለሰበት ጊዜ አለ፤ ማዕበሉ ያወረደውን መኪና ሽቅብ ይወስደዋል ማለት ነው።

ከባሕር መምጠጡ ግን መጨረሻው ላይ ደርሷል። በዚህ አካባቢ ጥልቁ ውቅያኖስ ለምድር ቅርብ በመሆኑ፣ አሸዋው የሚገኘው በኮራል ድንጋዮች መካከል ባሉ ጠባብ ቦታዎች ብቻ ነበር። ያንን መምጠጥም ደለል እያስነሳ ኮራሉን ይጎዳል። በአውራጃው የባሕር ወለል ለሥራው የሚሆን አሸዋ ሲያልቅ፣ ከኦኪቾቢ ሐይቅ አቅራቢያ ካሉ የመሃል አገር ካባዎች በመኪና ማጓጓዝ ተጀመረ። አሸዋው እንደደረሰ ዝም ብሎ አይደፋም፤ የባሕር ኤሊዎች በዳርቻው እንቁላላቸውን ስለሚቀብሩ ቀለሙና የቅንጣቱ መጠን ከነባሩ ጋር መመሳሰል አለበት። የአሸዋው ሙቀት ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን ስለሚወስን፣ የጠቆረ አሸዋ ይዞት የሚመጣው ጣጣ ከመልክ ያለፈ ነው።

ሩቅ ሳይሄዱ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ማዶ፣ ባሃማስ ብዙ አሸዋ አላት። ሆኖም በ1986 የወጣ ሕግ የአገር ውስጥ አሸዋ እያለ የፌዴራል ገንዘብ ለውጭ አገር አሸዋ እንዳይውል ይገድባል። በራሳቸው ገንዘብ የሚሠሩት የፊሸር ደሴት ባለቤቶች ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ የባሃማስን አሸዋ አስመጥተው ዳርቻቸውን ሞልተዋል።

አሸዋ መሙላት የሚከላከለው ማዕበልን ነው። የባሕሩ ወለል ከፍ ማለት የሚያመጣው ጎርፍ ደግሞ በሌላ በር ይገባል፤ ከተማዋ የቆመችበት የኖራ ድንጋይ እንደ ወንፊት ቀዳዳ የበዛበት በመሆኑ፣ ባሕሩ በጣም በሚሞላባቸው የመከር ቀናት ውኃው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በመንገድ ዳር ባሉ የፍሳሽ ማስወገጃዎች በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ለዚህም ከተማዋ ካለፉት አሥር ዓመታት ገደማ ጀምሮ ፓምፖችን መትከልና በወሽመጡ በኩል ያሉትን ዝቅተኛ መንገዶች ከፍ ማድረግ ይዛለች፤ ይህ ሥራ ከዳርቻው አሸዋ የተለየ በጀት ያለው፣ ከፍ ባለው መንገድና ዝቅ ብለው በቀሩት ነባር ቤቶች መካከልም አዲስ ክርክር ያስነሳ ነው።